የእንግዳ ምሳ ዋጋው ስንት ነው?

ሠርታ የምታድር እናት ለራሷ የሚሆን ቀን የላትም ቢባል ብዙዎቻችን እንስማማለን። የእረፍት ቀን የሚባሉት ቅዳሜና እሑድ ልብስ የሚታጠብባቸው፣ በርበሬ የሚቀነጠስባቸው፣ ለቅሶና ሠርግ የሚደረስባቸው ቀኖች ናቸው። ይሁን እንጂ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ደስ የሚል ልማድ አለ። ይኸውም የሥራ ባልደረባ የሆኑ ሴቶች እንደ ዕቁብ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብር እያዋጡ፣ በዓመት አንድ ጊዜ መኪና ተከራይተውና አስጎብኚ ይዘው ሀገራቸውን ማየታቸው ነው። ባል ልጆቹን ይይዛል፤ ጎረቤት ድስቱን ገልጣ ታያለች፤ እናት ሦስት ቀን ትተነፍሳለች። ልማዱን የሚነቅፉ አሉ። እኔ ግን የምነቅፍበት ምክንያት አላየሁም።

ከዚህ ቀጥሎ የማወጋችሁ እንዲህ ባለ ጉዞ ላይ ስለበላነው አንድ ምሳ ነው። ምሳው ጣፋጭ ነበር። ነገር ግን ሒሳቡ ሲሠራ አንድ ሰው ጎድሎበት ተገኘ፤ የጎደለውም ያበሰለችው ሴት ነበረች። ጉዞው የተደረገው በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ሲሆን፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት እንዲህ ያለው መንገድ እንደ ልብ የሚታሰብ አልሆነም። ቢሆንም ጉዳዩ የአንድ ቦታ ጉዳይ ስላልሆነ፣ ወዴትም ለሽርሽር የሚወጡ እህቶች ያስቡበት ዘንድ ማንሣቱ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አምስት ነበርን። በመጀመሪያ ያሰብነው ወደ ጣና ለመሄድ ነበር። ደሴት ማየት፣ በጀልባ መንሸራሸር፣ ዓሣ መብላት ማንን ያስጠላል? ነገር ግን ስናጠያይቅ በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴት እንደማትገባ ተነገረን። ልማዱ የቆየ የገዳም ሥርዓት በመሆኑ አንከራከርበትም። እርግጥ በዘጌ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉ ሴቶች የሚገቡባቸው አሉ። በደቅ ደሴት አጠገብ ያለችውን ናርጋ ሥላሴንም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ሆኖም ከመካከላችን አንደኛዋ ባልደረባችን፣ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ ‹‹ገንዘቤን አውጥቼ በጀልባ ውስጥ ቁጭ ብዬ ወንዶች እስኪመለሱ አልጠብቅም›› አለች። ‹‹ሴት ያሠራችው፣ ሴት የምትገባበት ቦታ ፈልጉልኝ።›› የተገኘው መርጡለ ማርያም ነው።

መርጡለ ማርያም በምሥራቅ ጎጃም በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ይገኛል። ደሴት አይደለም። ነገር ግን ካርታ የተመለከተ ሰው እንደሚያውቀው ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ስለሚከበው፣ አገሩ በሙሉ ደሴት ሊባል ጥቂት ነው የቀረው። ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ደጀን ሲደርስ፣ አየሩም ንግግሩም ባሕር እንደተሻገረ ሰው ይሆንበታል። ከደጀን ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ቢቸና ይታጠፋል። ቢቸና የአርበኛው የበላይ ዘለቀ አገር ነው። ቀጥሎ ደብረ ወርቅ ነው። እኛ ዓርብ ገና ሳይነጋ ተነሥተን ማታ መርጡለ ማርያም ገባን። ስለ መንገዱ አቧራ ባልናገር ይሻላል።

አስጎብኚያችን የአካባቢው ተወላጅ የሆነ፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያላገኘ ወጣት ነበር። አንዲት ዘመዱ የእኛ መሥሪያ ቤት ባልደረባ በመሆኗ በእርሷ በኩል በስልክ ተስማማን። ስምምነቱም ግልጽ ነበር። ለአንድ ቀን ሙሉ ለእኛ ብቻ ሊያስጎበኝ፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ገበያውን፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያሳየውን አፋፍ ሊያሳይ፣ ምሳም ‹‹በአካባቢው ምግብ›› በገበሬ ቤት ሊያበላን፣ በጠቅላላው 1,500 ብር። ለመኪናው በቀን 2,500 ብር፣ ለሹፌሩ የቀን አበል 200 ብር ለየብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን መግቢያ በደረሰኝ ከፈልን። ይህን ሁሉ ቁጥር የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኋላ ይፈለጋል።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 20 ቀን ጠዋት ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጭ ነበር። ልጁ ነጭ ጋቢውን ደርቦ በሁለት ሰዓት መጣ። ሙያውን ያውቃል፤ ይህን መመስከር ይገባል። ‹‹መርጡል›› በግዕዝ አዳራሽ፣ ማደሪያ ማለት መሆኑን፣ በአካባቢው በሚነገረው ትውፊት መሠረት ቦታው ከክርስትና በፊት የመሥዋዕት ቦታ እንደነበረና በአብርሃና አጽብሃ ዘመን ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ተረከልን። ትውፊትን ከተጻፈ ታሪክ ለይቶ ‹‹ይህ የሚነገር ነው፤ ይህ ደግሞ የተጻፈ ነው›› እያለ መናገሩን ወደድኩለት። ብዙ አስጎብኚዎች ይህን አያደርጉም።

የተጻፈው የእቴጌ እሌኒ ታሪክ ነው። እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ ነበሩ። ወደ ቤተ መንግሥት የገቡት በጋብቻ ሲሆን፣ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ እስከ ልብነ ድንግል ድረስ ነገሥታት ሲፈራረቁ እርሳቸው ግን በቤተ መንግሥቱ ዘለቁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1508 ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ ሲነግሡ፣ አገሩን በእንደራሴነት የመሩት እሌኒ ናቸው። ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላኩትም እርሳቸው ናቸው። ማቴዎስ በ1514 ሊዝቦን ደረሰ፤ የፖርቱጋል መልእክተኞችም በ1520 ምጽዋ ገቡ። ጎጃም ውስጥ ሰፊ ርስተ ጉልት ስለነበራቸው ይህን ቤተ ክርስቲያን በዚያ አሠሩ። ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ እንደጻፈው፣ ከዚያ በፊት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እንዳይመለስ የተከለከለው ፔሮ ዳ ኮቪልያን ለእቴጌዪቱ ቤተ ክርስቲያን የመንበሩን አሠራር አሳይቷል።

የእሌኒ ሕንፃ ከ1529 እስከ 1543 በቆየው የግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ጠፋ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ፣ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በፍርስራሹ ላይ እንደገና ገነቡ። ሱስንዮስ በ1632 የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መልሰው ሲያውጁ የሚሲዮናውያኑም ሥራ አበቃ። ዛሬ በአጸዱ ውስጥ የሚታየው የድንጋይ ፍርስራሽ የሁለቱም ዘመን ቅሪት ነው። በ1840ዎቹ ጎጃምን የተመለከተው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስለዚሁ ፍርስራሽ ጽፎ በ1847 አሳትሟል። በአበባና በሐረግ ቅርጽ የተፈለፈለውን ድንጋይ በእጄ ልዳስሰው ስል ልጁ ‹‹እባክዎ እትዬ፣ በዓይን ብቻ›› አለኝ። ልክ ነው። አምስት መቶ ዓመት የቆመ ድንጋይ የእኔን እጅ አይፈልግም።

እኔ ግን በዚያ ቆሜ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነው። የመንበሩን አሠራር ያሳየው ሰው ስሙ ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። ለጠራቢዎቹና ለተሸካሚዎቹ ውኃ የቀዳች፣ ጠላ የጠመቀች፣ እንጀራ የጋገረች ሴት አለመኖሯን ግን ማን ያምናል? ለባልደረቦቼ ይህን ስነግራቸው ‹‹አንቺ ደግሞ በቤተ ክርስቲያንም ወጥ ቤት ትፈልጊያለሽ›› ብለው ሳቁብኝ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን አልሳቁም።

ከአምስታችን አንደኛዋ በወር ልማዷ ምክንያት በሥርዓቱ መሠረት ወደ አጸዱ አልገባችም ነበር። ከበሩ ውጭ በዛፍ ጥላ ሥር ብቻዋን መቀመጡ ቢሰለቻት፣ አንድ ሕፃን መንገድ አሳይቷት ምሳ ወደሚበላበት ቤት ቀድማ ሄደች። እኛ ቤተ ክርስቲያኑን ጨርሰን ስንደርስ ቀሚሷን ሰብስባ፣ መቀነት ታጥቃ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘናት። ከባለቤቲቱ ጋር የሃያ ዓመት ወዳጅ መስለው ነበር።

ወይዘሮዋ የአስጎብኚያችን አክስት ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ አምሳ የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቀልድ የሚወዱ ሴት ናቸው። ‹‹ግቡ፣ ግቡ ልጆቼ፣ እንደ ምን ዋላችሁ፤ ቤት ለእንግዳ›› ብለው እያንዳንዳችንን ጉንጭ ለጉንጭ ሳሙን። መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፏል፤ መሬቱ በእበት ተለቅልቆ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል።

የገና ጾም ስለነበረ ሥጋ፣ ቅቤና ወተት አልነበረም። ጾም ሆኖ ሳለ ግን ሞሰቡ ሲከፈት የተሰማው ሽታ ከፋሲካ አያንስም። እንጀራው የጎጃም ነጭ ጤፍ ሲሆን፣ ዓይኑ እኩል፣ ጠርዙ ስስ፣ ሲጠቀልሉት የማይሰበር ነበር። ከላዩ የሽሮ ወጥ፣ የአተር ክክ አልጫ፣ ጎመን በነጭ ሽንኩርት ወጣበት። በአንድ ጎን ስልጆ ነበር። ስልጆን ለማታውቁ የከተማ ልጆች፣ የባቄላ ዱቄት እንደ ገንፎ ከተሠራ በኋላ ቀዝቅዞ፣ ሰናፍጭና ጤና አዳም ገብቶበት፣ ለቀናት ሲብላላ የሚገኝ፣ አፍንጫን የሚከፍት ማባያ ነው። ወይዘሮዋ ከሰኞ ጀምሮ አስቀምጠውት ነበር። ቀጥሎ የሱፍ ፍትፍት መጣ። ሱፉ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ታሽቶ፣ ተጠልሎ፣ ወተት የመሰለው ጭማቂ በእንጀራ ላይ የሚፈስበት ነው። በቤቴ በመኪና ፈጭቼ ሞክሬው አውቃለሁ። የሙቀጫውን ያህል አይጣፍጥም፤ ምክንያቱን ማንም አላስረዳኝም።

ጠላው በማግሥቱ ለሚውለው የማርያም ማኅበር ከተጠመቀው የተቀዳ ነው። ወይዘሮዋ የወሩ ተረኛ ደጋሽ ነበሩ። ጌሾውንና ብቅሉን ጠንስሶ፣ እንኩሮውን አንኩሮ፣ ደፍድፎ እስኪጠራ ድረስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ‹‹ይህ ለማርያም ነው፤ እናንተም የማርያም እንግዶች ናችሁ›› እያሉ በሽክና ቀዱልን። ሹፌራችን አንድ ሽክና ብቻ ጠጥቶ ‹‹መኪና ይዣለሁ›› በማለቱ መሰገኑን እዚህ ላይ ላንሣለት።

ምሳው እየተበላ ሳለ የሒሳብ ሠራተኛዋ ባልደረባችን በበሩ ወደ ውጭ ተመልክታ ‹‹የጤፉ ክምር እዚያው ነው፤ አይወቃም እንዴ?›› ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው ‹‹ቅዳሜ እኮ ነው፤ ሰንበት ነው። በሬ አይጠመድም›› ሲል መለሰ። ይህን ጊዜ ከወጥ ቤት ስትረዳ የነበረችው ባልደረባችን ‹‹በሬው ካረፈ እሳቸውስ?›› አለች። ወይዘሮዋ ሳቁ። ‹‹እኔማ ትላንት ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሬ ጨርሼዋለሁ፤ ዛሬ ማሞቅ ብቻ ነው።›› ከዓርብ ዘጠኝ ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት በምጣድ ፊት ነበሩ ማለት ነው። ውኃውን በጀሪካን ያመጡት እርሳቸውና ሴት ልጃቸው ናቸው። ማገዶው ኩበትና የባሕር ዛፍ ጭራሮ ነው፤ ጭራሮው ከገበያ በሸክም የተገዛ ነው።

ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ባልደረባችን ወደ እኔ ጠጋ ብላ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ወጥ ቤት ውስጥ ሳለች ‹‹ለምሳው ስንት ከፈለዎት?›› ብላ ወይዘሮዋን ጠይቃቸው ነበር። ‹‹ማን? የምን ክፍያ?›› አሉ። ልጁ ‹‹ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉና ምሳ አዘጋጂልኝ›› ብሎ ብቻ ነግሯቸዋል። ለምሳ ገንዘብ መከፈሉን አያውቁም። ሲያውቁም ያፈሩት እርሳቸው ናቸው፤ ‹‹ምነው ልጄ፣ እንግዳ አብልቼ ላስከፍል?›› አሉ።

እዚህ ላይ ልጁን ሌባ አድርጋችሁ እንዳትስሉት እለምናችኋለሁ። ወደ አፋፉ ስንሄድ አብሬው ወደ ኋላ ቀርቼ ነገሩን በቀስታ አነሣሁበት። አልደበቀም። ‹‹አክስቴ ናቸው። ገንዘብ ብሰጣቸው ይቀየሙኛል። ለበዓል ቡናና ስኳር አመጣላቸዋለሁ፤ ማዳበሪያም ሲመጣ ተሰልፌ የማወጣላቸው እኔ ነኝ›› አለ። ሁሉም እውነት ነው። በዘመድ መካከል ብድር የሚመለሰው በደረሰኝ አይደለም። ይህን ሥርዓት የማታውቅ የከተማ ሴት መጥታ ‹‹ዝርዝር አቅርብ›› ብትለው ነገሩን ታበላሸዋለች እንጂ አታቃናውም።

ነገር ግን አንድ ነጥብ አለ። የእንግዳ መስተንግዶ ሥርዓት የተሠራው ላልከፈለ ሰው ነው። መሽቶበት የገባ መንገደኛ፣ ‹‹የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ›› ብሎ በር ያንኳኳ ሰው፣ ምሳውን ቢከፍል ነውር ነው። እኛ ግን ከፍለናል። የከፈልነው ከአዲስ አበባ ሳንነሣ፣ በስልክ ተከራክረን ነው። እንግዲህ ከፍለን የበላን ሰዎች እንግዳ ልንባል አንችልም፤ ደንበኞች ነን። ወይዘሮዋ ግን እንግዳ ተቀባይ ሆነው ቀሩ። ለአንዱ ገበያ የሆነው ነገር ለሌላዋ ጽድቅ ሆኖ ተቆጠረ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ያረፈው ሦስተኛው ሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ እርሱም አውቆ ያደረገው አይመስለኝም።

በመኪናው ውስጥ ክርክሩ ደመቀ። የሒሳብ ሠራተኛዋ በወረቀት ላይ ጽፋ አሳየችን። ለሰባት ሰው የጤፉ፣ የሽሮው፣ የሱፉ፣ የዘይቱ፣ የቡናው፣ የማገዶው ዋጋ ተደምሮ ጥሬ ዕቃው ብቻ ወደ 400 ብር ይደርሳል። ይህ ከወይዘሮዋ ጎተራ የወጣ ነው። ጉልበቱን አልጨመረችም፤ ‹‹በምን ሒሳብ ልጨምረው?›› አለች። ሌላዋ ባልደረባችን ‹‹እናንተ መልካም ነገር ሁሉ ዋጋ ይለጠፍበት ነው የምትሉት። እኔ እናቴ ለእንግዳ ስታበስል ደስታዋ ነበር›› ብላ ተቆጣች። እናቷ ደስ ይላቸው እንደነበር አልጠራጠርም። ቢሆንም የሹፌራችንም ደስታው መንዳት መሆኑን በመንገድ ሙሉ ነግሮናል፤ አበሉን ግን አላስቀረንበትም።

ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ብቻ የተነሣ አይደለም። በሜዲትራኒያን ባሕር ደሴቶች አስጎብኚ ቀጥሮ ቀኑን ሲዞር የሚውል ቱሪስት፣ እኩለ ቀን ላይ በገበሬ ቤት የወይራ ዘይት፣ አይብና ወይን ቀርቦለት ይመገባል። ያም ምግብ የሴቶች እጅ ሥራ ነው። በግሪክ አገር በሌስቦስ ደሴት፣ ፔትራ በምትባል መንደር፣ የገበሬ ሚስቶች በ1983 ተሰባስበው የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። በየቤታቸው ያለውን ክፍል ለእንግዳ ያከራዩ ነበር፤ በኋላም የመንደራቸውን ምግብ የሚያቀርቡበት የጋራ ምግብ ቤት ከፈቱ። ገንዘቡ በባል ወይም በደላላ በኩል ሳያልፍ በማኅበሩ ስም ይገባ ጀመር። ሲሲሊና ሰርዴኛ የሚገኙባት ኢጣሊያም በ1985 ባወጣችው ሕግ የገበሬ ቤት መስተንግዶን እንደ አንድ የእርሻ ሥራ ቆጥራዋለች። የእነዚያ ደሴቶች ሴቶች እንግዳ መውደዳቸውን ተዉ ያለ የለም።

በእኛም አገር መልካም ምሳሌ አለ። በሰሜን ወሎ በመቄት ወረዳ ‹‹ተስፋ›› በተባለው ፕሮግራም፣ በእግራቸው የሚጓዙ ጎብኚዎችን የሚያሳድሩ ማረፊያዎችን የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው በማኅበር ሲያስተዳድሩና ገቢውን ለመንደራቸው ሲያደርጉ ቆይተዋል። ለመርጡለ ማርያም ይህን ያህል ትልቅ ነገር ያስፈልጋል አልልም። በዓመት ስንት ሰው ይመጣል? ጥቂት ነው። ለጥቂት ሰው ሲባል ማኅበር ማቋቋም፣ ማኅተም ማስቀረጽ፣ ሊቀ መንበር መምረጥ አስቂኝ ይሆናል። የሚያስፈልገው ስልክ ሲደወል አንድ ጥያቄ መጨመር ብቻ ነው፤ ‹‹ምሳውን የሚሠራው ማነው? ለእሷ የሚሰጠው ስንት ነው?›› ማለት።

ያን ዕለት ያደረግነውን ልንገራችሁ። ከአፋፉ ስንመለስ፣ ዓባይ ሸለቆው ውስጥ ጭጋግ ለብሶ ማዶ የወሎ ተራሮች ሰማያዊ ሆነው ይታዩ ነበር፤ እርሱን ለማየት ብቻ እንኳን መሄድ ይገባል። እንደገና ወደ ወይዘሮዋ ቤት ጎራ አልን። በቀጥታ ገንዘብ ብንሰጥ እንደማይቀበሉ አውቀናል። አንደኛዋ ‹‹ለነገው ማኅበር›› ብለን እንስጥ የሚል ሐሳብ አመጣች። ብልህነት ይመስላል፤ እኔ ግን አልወደድኩትም። ለማርያም የተሰጠ ለማርያም ነው፤ ደጋሿ ከእርሱ ላይ ለእንጨት ዕዳዋ ቀንሳ አትከፍልም። በመጨረሻ ነገሩን ያቃናው ልጁ ራሱ ነው። በእኛ ፊት 500 ብር ቆጥሮ ‹‹አክስቴ፣ ይህ የእንግዶቹ አይደለም፤ ከእኔ ሥራ የእርስዎ ድርሻ ነው›› አላቸው። ወይዘሮዋ አንድ ጊዜ እርሱን፣ አንድ ጊዜ እኛን ተመለከቱ። ‹‹ድርሻ?›› አሉ። ከዚያ ብሩን ተቀብለው በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩት። ማታ ማረፊያችን ድረስ በአገልግል ድፎ ዳቦ ተላከልን። ይኸኛው እንግድነት ነው፤ ስለ ዋጋውም ማንም አልጠየቀ።

በዓመቱ፣ በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ከመሥሪያ ቤታችን ሌሎች ስድስት ሴቶች ወደዚያው ለመሄድ ተነሡ። ስልኩን የደወልኩላቸው እኔ ነበርኩ። ልጁ ዋጋውን ነግሮኝ ምሳው ላይ ሲደርስ ‹‹የምሳውን ከራሳቸው ጋር ተነጋገሩ›› ብሎ ስልኩን ለአክስቱ ሰጣቸው። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤፉ ተጠያየቅን። ከዚያ ወይዘሮዋ እየቆጠሩ ይነግሩኝ ጀመር። ሽሮ ይህን ያህል፣ ሱፍ ይህን ያህል፣ ዘይት ተወድዷል፣ ስኳር ከተገኘ፣ እንጨት አንድ ሸክም።

‹‹የእርስዎ ጉልበትስ?›› አልኳቸው።

‹‹እሱ ምን ዋጋ አለው ልጄ፤ እጄ ከእኔው ጋር ነው።››

እኔም ዝም አልኩ፤ እርሳቸውም ዝም አሉ። ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

‹‹ለመሆኑ›› አሉ በኋላ፣ ‹‹ያ ሹፌር በቀን ስንት ነበር የምትሰጡት?››

‹‹ሁለት መቶ ብር።››

‹‹ከመኪናው ኪራይ ሌላ?››

‹‹ከኪራዩ ሌላ።››

‹‹ምሳውንም እዚሁ በልቶ?››

‹‹አዎ፣ እዚያው በልቶ።››

‹‹እንግዲያውስ የእኔም ሁለት መቶ ይሁን›› አሉ። ‹‹እንጨቱን ግን ለብቻ ቁጠሩት።››